ባህላዊ ሙዚቃ የሚጠፋው ሥራ ሲፈታ ነው

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሺስት ጦር በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያወረደው ጭፍጨፋ በየዓመቱ ይታሰባል። በተከታዮቹ ሳምንታት የሆነው ግን ብዙም አይነሳም። ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም ለአገዛዙ አደገኛ ናቸው ብሎ ከለያቸው መካከል ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች፣ ከእነሱም ጋር አገር ለአገር እየዞሩ የሚያዜሙና የሚተርኩ ሰዎች ነበሩበት። ተለቅመው እንዲረሸኑ አዘዘ፤ በርካቶችም ተረሸኑ። መድፍና አውሮፕላን የነበረው ጦር ባለ አንድ ጭራ ማሲንቆ የያዘን ሰው የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። አዝማሪ ባለበት ወሬ ይዞራል፤ ጀግና ይወደሳል፤ ባንዳ ይዋረዳል። ከ75 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሰሜን ማሊን የያዙት ታጣቂዎች ሙዚቃን ከለከሉ፤ መሣሪያ አቃጠሉ፤ ሙዚቀኞችም ወደ ባማኮና ወደ ጎረቤት አገሮች ተሰደዱ። ሁለቱ ኃይሎች በሌላው ሁሉ አይመሳሰሉም፤ ነገር ግን ባህላዊ ሙዚቃ በሕዝብ መካከል ሥራ እንዳለው ሁለቱም በሚገባ ተረድተው ነበር። እኛ ወዳጆቹ ነን የምንለው ግን ይህን ዘንግተናል። ቅርስ እንለዋለን፣ በበዓል ቀን አልብሰን መድረክ ላይ እናወጣዋለን፣ የሚሠራውን ሥራ ግን አንድ በአንድ እየነጠቅነው ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፦ ባህላዊ ሙዚቃን የሚያጠፋው ዘመናዊ ሙዚቃ መምጣቱ ወይም ወጣቱ መናቁ ሳይሆን፣ እሱን የግድ የሚያደርገው አጋጣሚ መጥፋቱ ነው። ስለዚህም ጥበቃው ከመሣሪያው በፊት ከአጋጣሚው መጀመር አለበት።

ሥራ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማየት የአዝማሪውን ልማድ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ሰርግ ወይም ጠጅ ቤት ውስጥ ከእንግዶቹ አንዱ ‹‹ተቀበል!›› ይላል። አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል። እንግዳው አንድ ስንኝ በቃል ይነግረዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ለቤቱ ያሰማል። ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል፤ ቤት ይመታል፤ ሰሙን የሰማ ይስቃል፣ ወርቁ የገባው ደግሞ ሰው ወደሚያይበት አቅጣጫ ዞር ይላል። እዚህ ላይ የተደረገው ነገር ተራ ጨዋታ አይደለም። ከወንድሙ ጋር የተቀያየመ ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን ተናግሯል። ቃሉ የእንግዳው ነው፤ ድምፁ የአዝማሪው ነው፤ ሁለቱም ‹‹እኔ አላልኩም›› ማለት ይችላሉ፤ የተነካውም ሰው ሳይቆጣ በራሱ ስንኝ ‹‹ተቀበል!›› ብሎ መመለስ ይችላል። ቂም ሳይጠና ወጣ፤ ሹም ሳይሰደብ ተነገረ፤ ንፉግ ሳይከሰስ ታወቀ። ማኅበረሰቡ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ችሎትም ጋዜጣም አልነበረውም፤ አዝማሪው ነበረው። አሁን ይኸንኑ አዝማሪ በባህል ምግብ ቤት መድረክ ላይ እንየው። ማሲንቆው ያው ነው፤ የፈረስ ጭራው፣ በቆዳ የተወጠረው ሳጥኑ፣ ደጋኑ አልተለወጠም። ነገር ግን ተራው በሰዓት የተመደበ ነው፤ ከእሱ በፊት የአንዱ ብሔረሰብ ጭፈራ፣ ከእሱ በኋላ የሌላው አለ፤ ከፊቱ የተቀመጠው እንግዳ ተቀባይና ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ሆኗል፤ ከጎኑ የተቀመጠውንም አያውቀውም። ሙያው በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል፤ የሚያስታርቀውና የሚነካው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ የለም።

ሥራና ዕድሜ እንዴት እንደተሳሰሩ የሚያሳዩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የኡጋንዳ። በምሥራቅ ኡጋንዳ በቡሶጋ ምድር ቢግዋላ የሚባል የቅል መለከት አለ። አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በመጠን የሚለያዩ መለከቶች በአንድነት ይነፋሉ፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚፈጠረው ነፊዎቹ በየተራቸው ሲገቡ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊጫወተው አይችልም። ሥራውም የታወቀ ነበር፦ የንጉሡ ሹመት፣ የንጉሡ ቀብር፣ የቤተ መንግሥቱ በዓል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት የአገሪቱን ነገሥታት በሙሉ ሲሽር ቢግዋላን የከለከለ አንቀጽ አልነበረበትም። መከልከልም አላስፈለገውም። የሚነፋለት ንጉሥ ሲጠፋ መለከቱ ዝም አለ። ነገሥታቱ በ1993 በባህላዊ መሪነት ቢመለሱም በመካከሉ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር፤ የሚነፉት አርጅተው ወይም ሞተው፣ የተማረ ልጅም ጠፍቶ ነበር። ዩኔስኮ በ2012 ቢግዋላን አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባው ሙያውን የሚያውቁት አረጋውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በገናን ደግሞ እንመልከት። ከደርግ መምጣት በኋላ በገና መንፈሳዊ በመሆኑና ከመኳንንቱ ቤት ጋር በመያያዙ ክፉ ቀን ገጠመው። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምረው የነበረው ትምህርት ተቋረጠ፤ ከአደባባይም ተገፋ። በወረቀት ላይ ሲታይ ዕጣው ከቢግዋላ የተሻለ አልነበረም፤ እንዲያውም ቢግዋላን በቀጥታ ያሳደደው አልነበረም። ሆኖም ዛሬ በአዲስ አበባ በገና የሚያስተምሩ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የግል ማስተማሪያዎች አሉ፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ቀድሞ እምብዛም የማይታዩት ሴቶች ልጆችም ገብተውበታል። ልዩነቱን ያመጣው ዐቢይ ጾም ነው። መንግሥት ትምህርቱን ማቋረጥ ይችላል፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን ግን ከሰው ሕይወት ማውጣት አልቻለም። ዘፈንና ጭፈራ በሚቆምበት በዚያ ጊዜ ውስጥ አሥር አውታር ያለው፣ በየአውታሩ ሥር በገባው የቆዳ እንዝራ ምክንያት እንደ ንብ የሚያነበንበው ይህ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ የሚተካ ሌላ ድምፅ የለም። ሰው ኃጢአቱንና ሞቱን ማሰብ ሲፈልግ በገናን ይፈልጋል። ስለዚህ ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት መሣሪያው ራሱ ተመልሶ ገባ።

ከሁለቱ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግን አጋጣሚ ብቻውን ይበቃል የሚል አይደለም፤ የቡሶጋ ንጉሥ ተመልሶ መለከቱ ሳይመለስ መቆየቱ ይህን ያሳያል። ሥራውም፣ ሥራውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፍ መምህርም ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ምን ያህል እንደሚጸኑ ለማየት የያሬድን ዜማ ማየት ይቻላል። የዜማ ምልክት በጽሑፍ ከገባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቢያልፉም ድጓ ዛሬም የሚጠናው በመምህሩ እግር ሥር፣ በቃል፣ በየዕለቱ እየተቀጸለ ነው፤ የተማረውም እሑድና በዓል በመጣ ቁጥር ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ይፈለጋል። የወሎ መንዙማም እንዲሁ ነው፤ መውሊድ እስካለ፣ ሐድራው እስከተሰበሰበ ድረስ ግጥሙን የሚያወርድና የሚቀበል አይጠፋም። ሌላው ቀርቶ አጋጣሚው ከተያዘ ዜማ ባሕር ይሻገራል። ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ ስግድን ይዘው ሄዱ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆነ፤ ቄሶቹ በግዕዝ የሚያዜሙት ጸሎትም በዓሉን ተከትሎ በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ ይሰማል። በዓሉ ተረስቶ ቢሆን ኖሮ ያ ዜማ ዛሬ የሚገኘው በተመራማሪዎች ቴፕ ላይ ብቻ ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ኑሮ ተለውጧል፤ ሥራው የጠፋው ማንም ነጥቆት ሳይሆን ዘመኑ ስላለፈ ነው፤ የአርሲና የባሌ ገበሬ ስንዴውን በኮምባይነር እያጨደ ለውቂያ ዘፈን ሲባል በሬውን ወደ አውድማ ይመልስ ይባላል ወይ? አይባልም። ሥራው በእውነት ያለቀ ዜማ አለ፤ እሱን በጥንቃቄ ቀድቶ በክብር ማስቀመጥ ተገቢ ነው፣ ከዚያ በላይ መጠየቅ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስላላለቀ ሥራ ነው። ለቅሶን እንውሰድ። ሰው ዛሬም ይሞታል፤ ዛሬም ይቀበራል፤ በቀብሩ ላይ የሟች ሕይወት ዛሬም መነገር አለበት። ቀድሞ ይህን የሚያደርጉት ሙሾ አውራጆች ነበሩ፦ ሟች ለጎረቤት ምን እንደነበረ፣ የትኛው ሐዘን እንደጎዳው፣ ማንን ትቶ እንደሄደ በስንኝ ያወጡት ነበር፤ ቤተሰቡም በዚያ ስንኝ እየተመራ አልቅሶ ይወጣለታል። አሁን ከተማ ውስጥ በዚያ ቦታ ላይ የሚነበበው በወረቀት የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ነው፤ በዚህ ዓመት ተወለዱ፣ እዚህ ተማሩ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት በቅንነት አገለገሉ ይላል። በየቀብሩ የሚነበበው ከስምና ከዓመተ ምሕረት በቀር አንድ ዓይነት ነው። ሥራው አልጠፋም፤ ሥራውን በደንብ ለማይሠራ ሰጠነው።

ከተማ መግባት ራሱ ባህላዊ ሙዚቃን አይገድልም። ለዚህ ምሥክር የሚሆኑት ባማኮና ዳካር ናቸው። በአካባቢው ጄሊ ወይም ግሪዮ የሚባሉት፣ ከሱንዲያታ ኬታ ዘመን ጀምሮ የዘር ሐረግንና ታሪክን በቃል የያዙ ሙዚቀኞች ዛሬም በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ መካከል ሰርግና የሕፃን ስም ማውጫ በዓል ላይ ይጠራሉ፤ የሁለቱን ቤተሰብ አባቶችና አያቶች እየጠሩ ያገናኛሉ፣ የተጣሉ ካሉም በመካከል ይገባሉ። ድምፅ ማጉያና ኤሌክትሪክ ጊታር ገብቶበታል፤ የሚሠራው ሥራ ግን የአያቶቻቸው ነው። በዚምባብዌ ዘፋኙ ቶማስ ማፕፉሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ምቢራ የሚባለውን ባህላዊ መሣሪያ ቅንብር ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያዞር መሣሪያው ተለወጠ እንጂ አባቶችን የመጥራትና ሕዝብን የማንቃት ሥራው አልተለወጠም፤ በወቅቱ አገሪቱን ይገዛ የነበረው የሮዴዥያ መንግሥት ዘፋኙን ያሰረውም ይህን ስላወቀ ነው። ስለዚህ ‹‹ማሲንቆው በኪቦርድ ተተካ›› የሚለው ስሞታ ብዙ ሩቅ አይወስደንም። ኪቦርዱ የአዝማሪውን ሥራ ቢሠራ ኖሮ፣ ስንኝ እየተቀበለ የሰርግ ቤቱን ሰዎች እርስ በርስ ቢያነጋግር ኖሮ፣ ሐዘኔ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ግን አይቀበልም፤ አስቀድሞ የተሞላውን ምት ይደግማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ መድረክና ቅጂ ባይኖሩ ኖሮ አሁን ያለውም ባህላዊ ሙዚቃ አይተርፍም ነበር የሚል ነው። እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ያቋቋመው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በየአካባቢው ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አስቀመጠ፤ አዝማሪን ከመናቅ ወደ መከበር ካሻገሩት አንዱ ነው፤ በ1969ም እስከ አሜሪካ ድረስ ተጉዞ አሳይቷል። የፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሥራም የዓለሙ አጋን በገና የዓለም አድማጭ ዘንድ አድርሷል። ይህን ሥራ የሠሩትን ሰዎች ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ኦርኬስትራው የቆመበትን መሠረት እንይ፤ የሚጠብቀው ጾም፣ የሚጠራው ሰርግ፣ የሚፈልገው ለቅሶ አልነበረም፤ የቆመው በተቋምና በደጋፊ ላይ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ድጋፉ ሲሄድ ተበተነ። ከኦርኬስትራው እጅግ ያነሰ ጥበቃ የነበረው በገና ተርፎ ሲመለስ በድምቀት የተቋቋመው ኦርኬስትራ አልተመለሰም። መድረክ ያስተዋውቃል፣ ቅጂ ያስታውሳል፤ ሁለቱም ግን ሙዚቃው ሌላ ቦታ እየኖረ ሲሆን ነው የሚጠቅሙት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በሚዛኑ ላይ ያለው የሰው ክብር ነው። አዝማሪ የሚለው ስም እስከ ቅርብ ጊዜ ስድብ ነበር፤ አዝማሪ ለማግባትና ለመዛመድ የማይፈለግ፣ ለሹም ሲያዜም ምንዳው እርጥባን የሆነ ሰው ነበር። ያን ሥራ መልሱለት ማለት ያን ውርደት መልሱለት ማለት አይሆንም ወይ? በምዕራብ አፍሪካም ንቀቱ ከዚህ የባሰ ነበር፤ በሴኔጋል ግሪዮ ሲሞት ሬሳው አፈሩን እንዳይነካ በባኦባብ ግንድ ባዶ ውስጥ ይቀመጥ የነበረበት ዘመን ነበር። ሆኖም በዚያችው አገር በእናቱ በኩል ከግሪዮ ዘር የሚወለደው ዘፋኙ ዩሱ ንዱር እ.ኤ.አ. በ2012 የባህል ሚኒስትር ሆኖ ነበር፤ ግሪዮዎችም በየሰርጉ መጠራታቸውን አላቆሙም። ንቀቱ የተጣበቀው በሰውዬው ላይ እንጂ በሚሠራው ሥራ ላይ አለመሆኑን ይህ ያሳያል፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማቆየት ይቻላል። በኛ ዘንድ የተደረገው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስሙን ‹‹አርቲስት›› ብለን አሳመርነው፤ ሥራውን ግን ወሰድንበት፤ ገቢውም ዛሬም በግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ብር ላይ ነው። አንድን ባለሙያ ማክበር ማለት ሙያውን የሚፈልግ ሰው መኖሩን ማረጋገጥና ዋጋውን አስቀድሞ ተነጋግሮ መክፈል ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከመንግሥት ከመጠበቅ በፊት ቤተሰቦች ማድረግ የሚችሉት አለ። በአዳራሽ በሚደረግ ትልቅ ሰርግ ላይ ሳይሆን በመልስ ዕለት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በድንኳን ወይም በሳሎን ተቀምጠው በሚተዋወቁበት ሰዓት፣ አዝማሪው ያለ ማይክሮፎን አንድ ሰዓት ይሰጠው። አማቶች በስንኝ ሲቀላለዱ የሚፈጠረው ቅርበት በዲጄ አይገኝም። ትምህርት ቤቶች በጳጉሜን ለልጆች አበባየሆሽን ከካሴት ከማሰማት ይልቅ፣ በነሐሴም ሆያ ሆዬን የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ከማስደገም ይልቅ፣ ስለ ቤቱ ባለቤት በቅጽበት ግጥም የማውጣቱን ችሎታ ያስተምሩ፤ የጨዋታው ፍሬ እሱ ነውና። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ በየክልሉ ያሉ የኪነ ጥበብ ማሠልጠኛዎች ዲግሪ የሌላቸውን የገጠር ባለሙያዎች በመምህርነት የሚቀጥሩበትን መንገድ ያብጁ፤ የማሲንቆ ተማሪም የመመረቂያ ፈተናውን በፈታኞች ፊት የተጠናች ዜማ በመጫወት ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ሰርግ ላይ ያልጠበቀውን ስንኝ እየተቀበለ ይውሰድ።

የከተማ አስተዳደሮች ጉዳይ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የአዲስ አበባ አዝማሪ ቤቶች ለብዙ ዓመታት በካዛንቺስ ተሰብስበው ኖረዋል፤ ጠባብ ክፍል፣ ዙሪያውን የተደረደረ ዱካ፣ ከእንግዳው አንድ ክንድ የማይርቅ አዝማሪ። ጥበቡ የሚሠራው በዚያ ጥበት ውስጥ ነበር፤ ስንኝ ለመስጠትም ለመቀበልም መቀራረብ ያስፈልጋል። የሰፈሩ ትልቅ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለልማት ሲፈርስ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ይህም የሥራ ቦታ አብሮ ሄደ። መንገዱ ይስፋ፤ ከተማው ይታደስ፤ ለዚህ ተቃውሞ የለኝም። በአዲሱ ፕላን ላይ ግን ለባንክና ለካፌ ቦታ ሲመደብ አርባና ሃምሳ ሰው የሚይዙ ትንንሽ ክፍሎች በተመጣጣኝ ኪራይ ለአዝማሪዎች ይመደቡ፤ ትልቅ የባህል አዳራሽ ሠርቶ ‹‹ኑ፣ እዚህ አሳዩ›› ማለት ይህን አይተካም። ሕንፃዎቹ ገና እየተሠሩ ስለሆነ ውሳኔው አሁን ሊሰጥ ይችላል፤ ከተጠናቀቁ በኋላ ግን ኪራዩን የሚችል አዝማሪ አይገኝም።